በመዝገቡ ላይ በገዛ እጄ ስለጻፍኩት ስም

ጥር 16 ቀን 2009 ዓ.ም.
ሚዛን ተፈሪ

ለክቡር አቶ ኃይለሚካኤል፣ የቀበሌያችን የጸጥታ ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ትጋትዎ የበረታ፣ እንቅልፍዎም ከእኛ ከነዋሪዎችዎ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቢያንስ ይህን ደብዳቤ እስከምለጥፍበት ሰዓት ድረስ።

ስሜ የዓለምዘርፍ ባምላኩ ይባላል። በዚሁ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አምና በአዳራሹ ስብሰባ ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ እንድንሆን ሲመክሩን፣ ከፊተኛው ወንበር ሆነው ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ምክርዎን ሰምቼ አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ ሮዳስ ስሜንና ፎቶግራፌን በኢንተርኔት ከሚያስተምሩ መምህራን ዝርዝር ውስጥ አስገባችልኝ፤ እኔም በአሕመዲን ኢንተርኔት ቤት፣ በኮምፖንሳቶ በተከለለች ጥግ ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሥራ ጀመርኩ። ጉሮሮዬ ስልሳ ተማሪ የለመደ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አብሮ ተማረ።

የመጀመሪያ ተማሪዬ ሳራ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በሁለት ዓመቷ ከሸዋ ቤንች ወረዳ በማደጎ ተወስዳ ኖርዌይ አደገች። ወላጅ እናቷን ወይዘሮ በየነችን ከማደጎ ወረቀቷ ተነስታ በብዙ ድካም አገኘቻት። ቤንችኛ የሚያስተምራት ሰው በኢንተርኔት ብታጣ፣ እናቷ በገበያ የለመደችውን አማርኛ ልማር ብላ ወደ እኔ መጣች። ከአማርኛ ሁሉ አጥብቃ የፈለገችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ “እማዬ፣ አልተቀየምኩሽም” የምትል። ያለ እንባ ልትላት እስክትችል አራት ወር ተለማመድን።

ለዚህ ትምህርት መሥሪያ ቤትዎ ያደረገልኝን እንክብካቤ በዝምታ ማለፍ ውለታ ቢስነት ይሆንብኛልና ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከጎኔ ስላስቀመጡልኝ ጨዋ ሰው አመሰግናለሁ። ካልተከፈተ ኮምፒውተር ፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። በሃያ ስድስት ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደዚህ ያለ ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ አልገጠመኝም፤ አንድ ቀን እንኳ ሳያስነጥሰው መቅረቱ ግን ያስፈራኛል።

ሁለተኛ፤ ሳራ ለፋሲካ ልትመጣ ስላሰበች መንገድ መጠየቅን አስተማርኳት። ከመናኸሪያው ወጥታ ወደ ግራ እንድትታጠፍ፣ ድልድዩን ተሻግራ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እንድትጠብቀኝ ነገርኳት። በማግስቱ ቢሮዎ ተጠርቼ ድልድዩን የሚሻገሩት ስንት እንደሆኑና ምን ይዘው እንደሚመጡ ተጠየቅሁ። አንዲት ልጅ ለእናቷ ቸኮሌት ይዛ እንደምትመጣ ብናገር፣ ቸኮሌት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ እንዳብራራ ታዘዝኩ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ሁለት ገጽ ጽፌ አስረክቤያለሁ።

ሦስተኛው መዝገቡ ነው። ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወዲህ ኢንተርኔት ቤት የገባ ሁሉ ስሙን፣ የሚገናኘውን ሰው፣ ጉዳዩንና ፊርማውን በመዝገብ እንዲያሰፍር አዘዙ። ወጣቶቹ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ስም እየሞሉ ያልፋሉ። እኔ ግን ቅጽ አበላሽተው የሚሞሉ ልጆችን ሳንበረክክ የኖርኩ መምህርት ነኝና፣ ጥር 3 ቀን ለማግስቱ ቦታ ስይዝ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ብዬ ሞላሁ፤ ወይዘሮ በየነች፣ ሸዋ ቤንች፤ ጉዳይ፣ ውጭ አገር ካለች ልጇ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነጋገር።

በማግስቱ ሐሙስ ወይዘሮ በየነች አዲስ ሻርፕ አስራ ከሚኒባሱ ስትወርድ ሁለት ሰዎች መናኸሪያው ላይ ተቀበሏት። ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው ብለው ይዘዋት ሄዱ። ሳራ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ አንድ ሰዓት ሙሉ ከፊቴ፣ ከኮምፒውተሩ መስታወት ወዲያ ተቀምጣ ጠበቀች። ያ አንድ ጥያቄ እነሆ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ቢሮዎ ለበላይ አካል ተላልፋለች ይላል፤ የበላይ አካል ደግሞ እንዲህ የምትባል ሴት በመዝገባችን የለችም ይላል። በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ የቀረውን ቡናዋን ጎረቤቶቿ በየተራ እያስገቡላት ነው። የእናንተ መዝገብ ባያውቃት እኔ የሞላሁት ያውቃታል፤ በገዛ እጄ ጽፌ አሳልፌ ሰጥቻታለሁ፤ ይህንንም ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ሐሙስ ሳራ እናቷን ስትጠይቀኝ ጥምቀት ስለሆነ መኪና የለም ብዬ ዋሸኋት። ለዚህ ሐሙስ ግን የቀን መቁጠሪያውን ባገላብጥ በዓል አጣሁ።

ክቡር ሆይ፤ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ ሰው ሊልኩብኝ ቢያስቡ በሩን መስበር አያስፈልግም፤ ክፍት ነው። ቅያሪ ልብስና የደም ግፊት መድኃኒቴን በፌስታል አድርጌ ከበሩ ሥር አኑሬያለሁ። እስከዚያው ድረስ ጥበቃዎ ከእኛ ላይ ትንሽ ገለል ይል ዘንድ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በማይቀንስ ፍርሃት እሰናበትዎታለሁ።

ታዛዥ ነዋሪዎ
የዓለምዘርፍ ባምላኩ

ግልባጭ፤ ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ሥራ ፈጣሪ ሁኑ ከሚለው ማስታወቂያ አጠገብ

ሳልጽፈው እንዳይቀር፤ ለሐሙስ ጥር 18፣ ለዘጠኝ ሰዓት፣ በአሕመዲን መዝገብ ላይ ቦታ ይዤልዎታለሁ። ስም በሚለው ቦታ ሙሉ ስምዎን፣ የሚገናኙት ሰው በሚለው ሳራን፣ ጉዳይ በሚለው “እናቷ የት እንዳለች ለልጅቷ ለመንገር” ብዬ አስፍሬያለሁ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።