ሳይለቀስለት ስለ ተነሣው ፈረንጅ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሣህለ ማርያም፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀት ዘንድሮስ ራራልህ ወይስ እንደ አምናው ከነፍራሽህ አውጥቶ ደጅ ያስተኛሃል? ባለቤትህ ሙሉዬስ እንደምን አለች? ወገቤን ያለችው ተሻላት ወይ? ልጆቹስ አደጉ? ትንሹ ቆሞ መሄድ ጀመረ ወይስ ገና ይድሃል? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። እህሉ ገብቷል፣ ላሟም ወልዳለች፣ ቢቸና ጊዮርጊስም እንደ ጥንቱ ይጠብቀናል። ናፍቆትህን ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽህም።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ እንደ እህት፣ ቀጥሎ እንደ ተከሳሽ። ሞጣ ላይ ላደረግሁት መምህር ወልደ ኪዳንን ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ከእንግዲህም ሙሾ ማውጣት እንድተው ጽፈሃል። ይህን ካላደረግሁ የአልቃሽ ወንድም እየተባልህ ቢቸናን እንደማትረግጣት ነግረኸኛል። እንግዲያው ልብህን እንዳላንጠለጥለው ከወዲሁ ልንገርህ፤ ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም። አባታችን ዳዊት ያስደገሙኝ የሰው ክስ አንብቤ ዝም እንድል አይደለም። መምህሩ አብሮ አደግ የትምህርት ቤት ጓደኛህ ስለሆነ የእርሱን ወሬ ቀድመህ ሰማህ። አሁን ደግሞ የእኔን ስማ።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ፣ ውቂያው እንዳለቀ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ መንፈሳዊ ማኅበር በላንድሮቨር ሲኒማ ይዞ መጣ። መምህር ወልደ ኪዳን ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ ሳምንት ሙሉ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በጠላ ቤቱ ሁሉ እየዞረ «ሞቶ የተነሣ ሰው! ገነትን በዓይኑ አይቶ የተመለሰ ሰው! ኑና እዩ!» ሲል ሰነበተ። ሰውም ያመነው ያመነ ነው፤ ከደብረ ወርቅ በኩል ስንቁን ቋጥሮ የመጣ ሁሉ ነበር። አትሳቅብኝና፣ እኔ ራሴ ሰውየው በመኪናው የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ምን ብዬ እንደምጠይቀው ሳይቀር አስቤ ነው የሄድኩት።

ለካስ ሰውየው አቡጀዲ ላይ ነው። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ አቡጀዲ ሰቀሉና ሞተሩን አስነሡት፤ መምህሩም በማጉያው ይተረጉምልን ጀመር። አንድ ፈረንጅ ከፈረስ ወደቀ፣ አልጋ ላይ አስተኙት፣ ሞተ። ሚስቱ መሐረብ ይዛ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ሐኪሙ በአንሶላ ሸፈነውና ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። በቃ፤ ጎረቤት አልመጣ፣ ድንኳን አልተተከለ፣ ደረት የመታለት አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሟቹ አበባ በበዛበት ሜዳ ላይ ታየ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ ፈገግ ይላሉ፤ አይዘምሩ፣ አይነጋገሩ። ጥቂት ቆይቶ ሰውየው አልጋው ላይ ነቃና ሾርባ ጠየቀ። መምህሩ «አለቀ» ሲለን ማንም አልተነሣም፤ ዋናው ነገር ገና የሚመጣ መስሎን ተቀምጠን ቀረን።

ኋላ ማጉረምረሙ ተነሣ። ዲያቆናቱ «ቅዱስ ሚካኤል የታለ? ሚዛኑስ የታለ?» አሉ። አንድ ሽማግሌ «ይህ እኮ ታጭዶ ያለቀ ማሳ ነው፤ ለዚህ ነው በማጉያ ያደነቆራችሁን?» ብለው ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔ ደግሞ ገነቱን ተዉትና ሰውየው ቀባሪ እንኳ የለውም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ወዳጅህ ከት ብሎ ሳቀና የሠለጠነ ሰው የሚያለቅሰው በልቡ ነው፣ ሞት ማለት እንዲህና እንዲያ ነው እያለ ያስረዳኝ ገባ። ለእኔ! የዚህን አገር ሬሳ ሁሉ ስሸኝ ለኖርኩት! ለቀባሪ አረዱት ማለት ይኸው ነው።

ያን ዕለት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እማማ አምሳለች ናቸው። የልጃቸውን የባዘዘውን ነገር አልረሳህም መቼም። አባታችን ዘንድ አብራችሁ ፊደል የቆጠራችሁ፣ ከአንድ ገበታ የበላችሁ ባዘዘው። በሃምሳ ስድስት ኦጋዴን ዘምቶ ሞተ የሚል ወረቀት ሲመጣ ሽማግሌዎች ሊያረዱ ማለዳ ሄደው ነበር። እማማ አምሳለች በዱላ ከደጅ መለሷቸው። «ሬሳውን አሳዩኝና ላልቅስ፤ ካላሳያችሁኝ ልጄ ይመጣል» አሉ። እኛም ፈርተናቸው ተውነው። ለባዘዘው እስከዚያ ቀን ድረስ በቢቸና እንባ አልወረደለትም ነበር። ፊልሙ የታየ ዕለት እማማ አምሳለች ከሁሉ ፊት፣ ከአቡጀዲው ሥር ተቀምጠው ያ ሜዳ ሲመጣ የሄደውን የመጣውን ፊት አንድ በአንድ ሲያዩ ነበር። ሁሉም ፈረንጅ። ሲያልቅ እልል አሉ። «የለም! ልጄ እዚያ የለም! አልሞተም ማለት ነው!»

በማግስቱ ጥጥ አውጥተው ለባዘዘው ጋቢ ሊፈትሉ ተቀመጡ። ሲመጣ የሚታረድ ብለውም በግ አሰሩ። እኔ ይህን ሳይ ወደ መምህሩ ሄጄ ያ ሜዳ ገነት እንዳልሆነ፣ ሰዎች ነጭ ለብሰው የተጫወቱት ጨዋታ እንደሆነ አንተ ንገራቸው፣ አንተን ያምኑሃል ብዬ ለመንኩት። አዎ፣ ለመንኩት። እርሱ ግን ፊልሙ የተሠራው ለእምነት ነው፣ ተስፋ ካገኙበት ምን ጎዳን አለኝ። ማኅበሩ ለትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ እሰጣለሁ ብሎት ነበርና ስለ ፊልሙ ክፉ እንዲወራ አልፈለገም። ክፉ ሰው ነው አልልህም፤ ለተማሪዎቹ ጣራ መፈለጉ ደግ ነው። ነገር ግን በአንዲት እናት ላይ ጣራ አይሠራም።

ጥምቀት እንዳለፈ ሞጣ ለቅሶ ተጠራሁ። ሲኒማውም ያን ሰሞን ሞጣ እንደሚታይ የሰሙ እማማ አምሳለች እኔም እሄዳለሁ አሉ። አይተውት የለም ወይ ብላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ «ያን ዕለት ወደ ሌላ ቦታ ተልኮ እንደሆነስ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ ሣህሌ። እልልታቸው ከጉሮሮ ወደ ልብ አልወረደም ነበር። በእህል ጫኝ መኪና ጀርባ፣ ከጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሞጣ ገባን።

ፊልሙ የታየው በቀን፣ ሐጂ ከሊፋ በሚባሉ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮቱን በጆንያ ደፍነው አጨለሙት፤ መምህር ወልደ ኪዳንም ሊተረጉም ከማኅበሩ ጋር መጥቶ ነበር። ሐጂ ከሊፋ ራሳቸው በር ላይ ቆመው እስላሙንም ክርስቲያኑንም ያስተናግዱ ነበር፤ እማማ አምሳለችን ሲያዩ ከፊት ቦታ ሰጡልን። ፈረንጁ ወደቀ፣ ሞተ፣ ሚስቱ ወደ መስኮቷ ሄደች። ሰዉ «ዘመድ የለውም እንዴ?» እያለ ማንሾካሾክ ጀመረ። ወደ እማማ አምሳለች ዞር ብዬ አየሁ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያን ሜዳ ይጠብቃሉ። ዛሬም ሜዳው መጥቶ ልጃቸው ከጠፋ እኒህ ሴትዮ እስኪሞቱ መጠበቃቸው ነው አልኩ በልቤ። ተነሣሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ድምፄን ለቀቅሁት።

«እናንተ ፈረንጆች ምነው ዝም አላችሁ፣
ሰው ሞቶ ሲጋደም ከፊት ለፊታችሁ?»

መጀመሪያ ሳቁ። መምህሩ በማጉያው «ሴትዮ ተቀመጪ!» አለ። አልተቀመጥኩም። የሞጣ ሴቶች ደግሞ ታውቃቸዋለህ፣ ለቅሶ ሲጀመር ቁጭ ብለው አይሰሙም፤ አንዷ ከኋላ ተቀበለችኝ፣ ሌላዋ ተነሣች። መጋዘኑ ሲሞቅ ያን ስድስት ዓመት በቢቸና ያልተነሣውን ስም ጠራሁት።

«የሰውን ልጅ ሁሉ እናቱ ሸኘችው፣
ባዘዘውን ብቻ በረሃ ዋጠችው።»

እማማ አምሳለች ዞር ብለው አዩኝ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመቱኝም አልሸሽም ነበር። ከዚያ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን መቱና «ልጄን!» አሉ። ወንድሜ፣ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም። የማያውቋቸው ሴቶች አቅፈው ያዟቸው። ሐጂ ከሊፋ በሩን ይዘው በጥምጥማቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ገነት በአቡጀዲው ላይ መጥታ ሄደች፤ ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

በመካከሉ ፈረንጁ ተነሥቶ ሾርባውን ጠየቀ። አንዲት የሞጣ ሴት «ምነው፣ ገና መች አለቀስንለትና!» ብትል እንባችን ሳይደርቅ ሳቅን። እማማ አምሳለች ግን አልሳቁም። ሰውየውን ትክ ብለው አዩትና «ይኸስ ለናቱ ተመለሰላት፤ እሰይ፣ እሰይላት። የኔ ቀርቷል» አሉ። ይህን ቃል ስድስት ዓመት ስንጠብቀው ኖረናል።

ወዳጅህ ሞተሩን አጥፍቶ አበላሸሽው እያለ ጮኸብኝ። የማኅበሩ ሰዎች ተቆጥተው መኪናቸውን አዙረው ሄዱ፤ ቆርቆሮውም አብሮ ሄደ። ቢቸና ስመለስ የወረዳው ቢሮ ተጠራሁ። ሕዝብ አውከሻል፣ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። አንድ ሙት ተለቀሰለት እንጂ ማን ታወከ አልኳቸው። ጸሐፊው ራሱ የሳቅ ነገር ሲይዘው ጊዜ ሁለተኛ ሲኒማ አጠገብ እንዳትደርሺ ብለው ለቀቁኝ። እኔስ ከሲኒማ ርቄ ነው የኖርኩ፤ እርሱ ነው በማጉያ እየጠራ የመጣብኝ።

ቤተ ክርስቲያንም ሙሾን ትከለክላለች ብለህ ጽፈሃል። ይህ ከበደኝና ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ፊት መንጨትና ከልክ ማለፍ ኃጢአት ነው ብለው ደኅና አድርገው ገሠጹኝ፤ ተቀበልኩ። ቆይተው ግን «ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አስቀድሞ አለቀሰለት» አሉኝ። ይህን ለወዳጅህ ጻፍለት። እኛን ያሳዘነን ሜዳው ባዶ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሰውየውን ሳያለቅሱለት ማስነሣታቸው ነው። እንባ ያልቀደመው ትንሣኤ ለእኛ አልጣመንም። ወንጌሉ ከእኛ ጋር ነው።

አሁን እማማ አምሳለች ራሳቸውን ተላጭተው ጥቁር ለብሰዋል። አገሩ ሁሉ ለቅሶ ደርሷቸዋል። እህል ይበላሉ፣ ሌሊትም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ደጁን ማየት ትተዋል። ያ በግ ለተዝካሩ ሆኗል፤ ተዝካሩም ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተቆርጧል፤ እንግዲህ ጊዜ አጣሁ እንዳትለኝ።

ሙሾ ተዪ ላልከኝ መልሴ ይኸው። እናታችን ሲሞቱ መንገድ ራቀኝ ብለህ ቀረህ፤ በአንተ ፈንታ ቆሜ፣ ስምህን እየጠራሁ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሙሾዬ አላሳፈረህም። ለሞተ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። በሕይወት እያለ ደጃችንን አልረግጥም ላለ ምን ተብሎ እንደሚለቀስ ግን አላውቅም፣ የሚያስተምረኝም አላገኘሁ። እንግዲህ ወይ ና፣ ወይ ሙሾውን አንተው ገጥመህ ላክልኝ።

ሙሉዬን በጉንጮቿ ሳምልኝ። ልጆቹን አክስታችሁ ትወዳችኋለች በላቸው። ዳምጤ ባሌ ጉልበቱን እያሸ ሰላም ይልሃል፤ ነገር አታክርሪ እያለኝ ነው ይህን የምጽፈው። ልጄ በዛብሽ እጅ ነሥታለች፤ ለዓቢይ ጾም የሚሆን ሽሮ በሰው እልካለሁ ብላለች። ጎረቤቶች ሁሉ እንደምን ነህ ይሉሃል።

እማማ አምሳለችም ሰላም ብለውሃል። ጋቢው ተሠርቶ አልቋል፣ ጥለቱ ያምራል። ለማን ሊሰጡት ነው ብዬ ብጠይቃቸው «ሣህሌ ከልጄ ጋር እኩል ነበር ቁመቱ፤ መጥቶ ይልበሰው» አሉኝ።

እህትህ ይርጋነሽ
ቢቸና፣ የካቲት 16 ቀን 1962 ዓ.ም.