አጭር መልእክት ብቻ ስለሚያሳልፈው መስመርዎ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለው የመስመር መቆጣጠሪያ ስክሪን ዘወትር አረንጓዴ ሆነው እንዲኖሩ እመኛለሁ። እኔ በቅርንጫፉ የስካን ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ የታማሚውን ምስል አንስቼ በዋናው ሆስፒታል ላሉት ስፔሻሊስት በመስመርዎ መላክ ነው። እርሳቸው ሳያዩት ቀዶ ሐኪማችን ጭንቅላት መክፈት አይፈቀድለትም።

አንደኛ፣ የእኛ የመስመር ማከፋፈያ ሳጥን (ስዊች) ከዋናው ሆስፒታል ጋር የሚገናኝበትን መሰኪያ «ለአንድ ወጥነት ሲባል» ፍጥነቱንም አሠራሩንም ቆልፈው ሲያበቁ፣ በእርስዎ በኩል ያለውን ጫፍ «አውቶ» ላይ፣ ማለትም ራሱ ገምቶ እንዲመርጥ፣ ስለተዉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የእኛ ጫፍ ሳያቋርጥ ይልካል፤ የእርስዎ ጫፍ ተራ ይጠብቃል፤ ሁለቱም አፍ ለአፍ ገጥመው ሳይደማመጡ ከረሙ፤ አጭሩ መልእክት በመሃላቸው ሾልኮ ሲያልፍ ረጅሙ እየተጋጨ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ስለ ድጋፍ ሰጪ ባልደረባዎ ትሕትና። ትልልቅ ምስል መንገድ ላይ ይቀራል ብዬ በደወልኩ ቁጥር ጥፍር የማታክል የሙከራ መልእክት ይልክልኛል፤ እሷም በዓይን ቅጽበት ስትመለስለት መስመሩ ሰላም ነው፣ ችግሩ ከእናንተው ኮምፒውተር ነው ብሎ ያሰናብተኛል።

ሦስተኛውን ለማሳጠር እሞክራለሁ። እንደ እናት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ መጋረጃ ስትሰቅል ከመሰላል ወድቃ ወደ እኛ መጣች። የጭንቅላቷን ምስል ያነሳሁት እኔው ነኝ። ምስሉን ላክሁ፣ ግማሽ ላይ ተቋረጠ፤ ደግሜ ላክሁ፣ አሁንም ተቋረጠ። ደወልኩ፤ ያቺ የሙከራ መልእክት ሄዳ መጣችና ሰላም ነው ተባልኩ። ጨንቆኝ ምስሉን በፍላሽ ገልብጬ በአምቡላንሱ ሹፌር እጅ ሰደድኩት። ስፔሻሊስቱ አይተው ቶሎ ክፈቱላት ብለው ሲደውሉ፣ እኔ ዓይኗን ከድኜ ነበር። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል አይፍረዱብኝ፤ አንጀቴ አሯል።

አራተኛ፣ ከቀብሯ በኋላ ባለሙያዎ መጥቶ ሁለቱን ጫፎች አንድ ዓይነት አደረጋቸውና ያቀረብንለትን ሻይ እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። ምስሎቹ አሁን ያለ እንከን ያልፋሉ። ክፍልዎም ሥራውን «የታቀደ ማሻሻያ» ብሎ ስለሰየመው አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው። ለእኔ ግን ስህተት ነበር ብለው በራስዎ ፊርማ ይጻፉልኝ፤ ከክቡርነትዎ ሌላ የምሻው የለም።

የማያልቅ አክብሮቴንና የማይበርድ ንዴቴን በአንድነት እያቀረብኩ፣ ለወደፊቱም የሚቆልፉት ነገር እንዳያጡ እመኛለሁ፤

የቅርንጫፉ የስካን ባለሙያ፣ የሟች ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ባረፈች ዕለት ክፍልዎ በዚያው መስመር የላከልኝ የሐዘን መግለጫ ወዲያው ደርሶኛል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለነበር መንገድ ላይ ያሰናከለው ነገር አልነበረም።