ገለባ ስር የከረመው ቆርቆሮ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ነው እንጂ ዛሬስ ውድነትህ አልታየኝም። ጤናህንም አልጠይቅም፤ ትናንት በስልክ እንደዚያ ስትጮህብኝ ሳንባህ ደህና መሆኑን ሰምቻለሁ። እኔ ከሁለት ቃል በላይ አልመለስኩልህም። የምለው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ የመጣው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋህብኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ በደብዳቤ መሃል ላይ ልታቋርጠኝ አትችልም።

አዎ፣ ቆርቆሮውን መልሼ ያስመታሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ ለእማዬ በየወሩ ይገባላት የነበረው የድጋፍ ገንዘብ ቀርቷል። «ማን በገዛ እጁ ጉሮሮውን ይዘጋል?» አልከኝ። ቆይ፣ የማን ጉሮሮ እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ያን ቆርቆሮ ረሳኸው እንዴ? ከተማ ገብተህ ግንበኛ በሆንክ በመጀመሪያው ዓመት፣ ምሳህን እየዘለልክ የገዛኸው ሃያ ሁለት ቆርቆሮ ነው። ከመኪና ላይ ሲወርድ እማዬ አንድ በአንድ በመዳፏ ዳብሳዋለች። ዝናብ ሲጥል ቤት ውስጥ መነጋገር አይቻልም ነበር፤ እሷ ግን ጎረቤት ድረስ ሄዳ «የልጄን ቤት ስሙት» ትል ነበር። እኔም አባታችን ከሞተ ወዲህ «ሰው አለን» ያልኩት ያኔ ነው። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

ከዚያ ያ የእርዳታ ድርጅት መጣ። ለችግረኛ ቤተሰብ ስንዴ ሳይሆን፣ ዘይት ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ በእናትየዋ ስልክ ይልካል፤ የፈለግሽውን አድርጊበት ተብሎ። ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ግን አይመዘገብም። ይህን ስነግርህ አንድ ደቂቃ እንኳን አላሰብክም። «ታዲያ አውርዱታ! ምዝገባው ሲያልፍ መልሰን እንመታዋለን። ሳር ጠፋ እንዴ?» አልከኝ።

አወረድነው። አናጢው «ስንት ዘመን ቤት ስከድን ኖሬ ደህና ቤት ሳራቁት ይኸው የመጀመሪያዬ ነው» እያለ ሲያጉረመርም መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሁሉንም ባንተ አላላክክም። እማዬ ውጪ ጎንበስ ብላ ሚስማሩን ከመሬት እየለቀመች ጣሳ ውስጥ ትከት ነበር። ቆርቆሮውን ከፍየሎቹ በረት ጀርባ ደርድረን ገለባ ከመርንበት። ጣራውን በጥድፊያ ሳሳ ባለ ሳር ከደንነው።

መዝጋቢዋ ልጅ እግር ናት፤ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች መጣች። እማዬን በር ላይ አቆመቻትና ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ደረቷ ላይ አስይዛ ፎቶ አነሳቻት። እስረኛ ነው እንጂ ሰው እንደዚያ ይነሳል? በዚህ መሃል አንዷ ፍየል ገለባው ላይ ወጣች፤ ከስር ቋ አለ። መዝጋቢዋ ቀና ስትል እኔ ሳል ጀመርኩ። ፍየሏ በተንቀሳቀሰች ቁጥር እኔም መሳሌን ቀጠልኩ። እማዬ መሬት መሬቱን እያየች «ብርድ ይዟት ነው፣ የኔ ልጅ» አለች። እማዬ ስትዋሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ቀን ደውዬ ስነግርህ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ዛሬ ያን ሳቅ ሳስበው አፍራለሁ።

ገንዘቡን ግን አላማውም። እማዬ ስንት ዓመት ያሰቃያትን ጥርስ በመጀመሪያው ወር አስነቀለች። ለኔ ጫማ ገዛችልኝ፤ እኔም ሳላፍር አደረግኩት። ገበያ ስትወጣ ማንንም አላስፈቀደችም፣ ስትመለስም ለማንም አላስረዳችም። ከቤታችን በላይ ያሉት ቤተሰቦች በዚሁ ገንዘብ ያቋረጡ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት መልሰዋል። እጇ ላይ ገንዘብ ያላት ሴት አንገቷ ቀና ይላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ክፋቱ ከገንዘቡ አልመጣም፣ ከእኛ ነው የመጣው።

አንተስ? «አሁንማ ደሞዝተኞች ሆናችሁ» ብለህ ቀለድክ፤ በሚቀጥለው ወር አንተ የምትልክላት ገንዘብ ቀረ። መጀመሪያ የቤት ኪራይ ተወደደ አልክ፣ ኋላ ምክንያት መስጠትም ተውክ። ልቤ የተነካው ግን በገንዘቡ አይደለም። ስትልክላት «ደረሰሽ ወይ?» ብለህ ትደውልላት ነበር። ገንዘቡ ሲቀር ስልኩም ቀረ። የድርጅቱ መልእክት ገብቶ ስልኳ ጢት ባለ ቁጥር አንተ መስለሃት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትሮጣለች። ከዚያ ለኔ ታቀብለኛለች፤ «እነሱ ናቸው» እላታለሁ። «ደህና» ትላለች።

መዝጋቢዋ በየሦስት ወሩ ሳትናገር እየመጣች ቤቱን ፎቶ ስለምታነሳ ቆርቆሮው ገለባ ስር ቀረ። ዝናቡ ገባ። በአንድ ጥግ ባልዲ፣ በሌላው ጥግ ድስት ደቀንን፤ አልጋዋን አራት ጊዜ አዛወርን። ሳል ጀመራት፤ የኔ ዓይነት የውሸት ሳል አይደለም፣ ጎኗን ይዛ የምታጎነብስበት ነው። ስደውልልህ «ትንሽ ታገሱ፣ ድጋፉ እስኪያልቅ አንድ ዓመት ምን አላት?» አልከኝ። በዚያው ስልክ ከተማ ውስጥ ቤት መጀመርህን ነገርከኝ። ጣራውን በምን እንደምትከድነው አልጠየቅኩህም። ኤጭ! ከዚያ ቀን ጀምሮ አስጠልተኸኛል።

ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ታውቃታለህ። አራት ልጅ ይዛ ባሏ የሞተባት፣ ከእኛ የባሰች ድሃ ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ የመታው ዝገታም ቆርቆሮ ስላላት አልተመዘገበችም። ብዙ ሰው «አንቺም አውርጂው» ብሏታል፤ «እሱ የሠራውን በምን አንጀቴ?» ብላ እምቢ አለች። ሳሉ ሲበረታባት እናታችንን እጇን ይዛ ቤቷ የወሰደቻት እሷ ናት። ዘጠኝ ቀን በራሷ አልጋ፣ በዚያው በዝገታሙ ቆርቆሮ ስር አስተኛቻት፤ ልጆቿ መሬት ተኙ። የእኛ ቆርቆሮ የት እንዳለ ታውቃለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ብትሰድበኝ በቀለለኝ።

መዝጋቢዋ የመጣችው በዘጠነኛው ቀን ነው። እማዬ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከልብስ ሰፊዋ በር ወጣች። «ምነው እማማ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለቻት መዝጋቢዋ። እኔ ከመቅጽበት ሳሌን ጀመርኩ።

«አንቺ፣ አትሳይ» አለችኝ እማዬ። ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ዞራ «ቤቴ ስለሚያፈስ ነው። ጣራ ግን አለኝ፣ እዚያ ገለባ ስር ነው። ልጄ ለፍቶ የገዛልኝን ከናንተ ደበቅኩት። ስሜን ሰርዢና የሷን ጻፊ» አለቻት።

መዝጋቢዋ የእማዬን ስም እዚያው ሰረዘች። የልብስ ሰፊዋን ግን አልጻፈችም፤ የሷም ቤት ቆርቆሮ ነዋ! ደንቡ ነው ብላ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች ሄደች። በንዴት ያወጣሁትን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

ትናንት «ማን ነው አፉን የከፈተው?» ስትለኝ «እኔ ነኝ» አልኩህ። ዋሸሁህ። እማዬ እንዳልነግርህ አስምላኛለች፤ ልጄ ይቀየመኛል ብላ ፈርታ ነው። አንተን ፈርታ! መሐላዬን ያፈረስኩት ለዚህ ነው፤ እናትህ አንተን መፍራቷን ልታውቀው ይገባሃል።

አናጢው መልሶ ሲመታው ሂሳብ አልተቀበለኝም። ሚስማሩ ከእማዬ ጣሳ ወጣ። የድሮውን ቀዳዳ በሬንጅ ደፍነነዋል፤ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል እንጂ አይከፋም። እኔ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ቁልፍ እየሰፋሁ ነው፣ ለእማዬም የሳል መድኃኒት ጀምረንላታል። ገንዘብ ላክ አልልህም፤ ብትልክ ደስ ይለኛል፣ ባትልክም አንሞትም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ዘነበ። እማዬ በር ላይ ተቀምጣ ሰማችው። «የልጄን ቤት ስሙት» አላለችም። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ደውልላት። ዝናብ ላይ ከሆነ ግን አትሰማህም፤ ቆየት ብለህ መልሰህ ሞክር።

መሰላሉን የያዘችው እህትህ