ሊሊዎቼና የባና ሙሌንጋ ምላስ

ኅዳር 5
ዝናብ። ከተማችን ካብዌ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። ባቡር መንዳት ትቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማዝዘው በጓሮዬ ያሉትን የሊሊ አበቦቼን ብቻ ነው፤ እነሱም አይሰሙኝም።
ጠዋት ጎረቤቴ ባና ሙሌንጋ ከአጥሩ ማዶ፣ "አንተ አይጥ በሊታ፣ ዛሬም አልሞትክም?" አለችኝ።
"አንቺን ሳልቀብር? ጦጣሽን ብዪና ዝም በዪ።"
ቀኑ በደህና ተጀመረ።

ኅዳር 8
ወሰንኩ። የመጀመሪያዋ ሊሊ ስትፈነዳ ቆርጬ ይዣት ወደ ባና ሙሌንጋ እሄዳለሁ። ኮቴን ለብሼ፣ በአጥር ሳይሆን በበር። አግቢኝ እላታለሁ።
ችግሩ... እኔ በጎሳዬ ንጎኒ፣ አይጥ በሊታ የሚባለው፤ እሷ ቤምባ፣ ጦጣ በሊታ የምትባለው። አያቶቻችን በጦር ተዋጉ፣ እኛ በምላስ እንጨርሰዋለን። በሁለቱ ጎሳዎች ወግ የፈለግነውን ብንባባል መቀየም የለም፤ ከጓሮዬ ያሻትን ብትወስድም ሌባ አትባልም። ባለፈው ሳምንት ዱባዬን እያየኋት ተሸክማ ሄደች። እሷ ባሏን ቀብራለች፣ እኔም ሚስቴን። በሁለቱም ለቅሶ ላይ እንደ ወጉ ተሰዳድበናል። ሚስቴን የቀበርኩ ቀን ባታስቀኝ ኖሮ አብሬያት እገባ ነበር፣ ጉድጓዱ ውስጥ።
አግቢኝ ካሁን በፊትም ብያታለሁ። "መጀመሪያ ጥርስ አብቅል" ብላ ሳቀች። ታዲያ የምሬን ስናገር በምን ትለየዋለች? አበባው ለዚህ ነው። አበባ ይዞ የመጣ ንጎኒ ወይ አሞታል ወይ የምሩን ነው።

ኅዳር 12
አባጨጓሬ! ጥቁር፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባቸው። ቅጠሉን ሰርስረው ወደ እንቡጦቹ እየተጠጉ ነው። አበባው ከተበላ ምን ይዤ ልሄድ? ጎመን?
ባና ሙሌንጋ አጥሩ ላይ ተደግፋ አየቻቸው። ቤምባ አባጨጓሬ ሲያይ የሚታየው ድስት ነው።
"ምግቤን እያደለብክልኝ ነው? ሲወፍሩ ጥራኝ።"
"ነይና ልቀሚያቸው።"
"እኔ ልቅም? ጠብሰህ አምጣ እንጂ።"

ኅዳር 13
የእርሻ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። "ያገኘውን ሁሉ የሚፈጅ ስጪኝ" አልኳት።
"ንቦቹንም? እርስዎንም?" አለችኝ ሻጯ።
ዱቄት ሰጠችኝ። ባክቴሪያ ነው አለች። አባጨጓሬው ከቅጠሉ ጋር ይበላዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ መብላት ይተዋል፣ ይሞታል። ንብ አይነካም። "ሲመሽ ይርጩት፣ ፀሐይ ያበላሸዋል። ደግሞ ይታገሱ፣ ወዲያው አይሞቱም።" እኔና ትዕግሥት... በገዛ ጡረታዬ በሽታ ገዝቼ ተመለስኩ።
ማታ በውሃ በጥብጬ ረጨሁ። መልካም እራት አልኳቸው።

ኅዳር 14
አልሞቱም። አንዱ እንዲያውም ቀና ብሎ አየኝ።

ኅዳር 15
አሁንም አሉ። ግን ቅጠሉ ከትናንቱ አልጎደለም። ጾም ይዘው ይሆን? ሁለቱ ጠቁረው ተንጠልጥለዋል።

ኅዳር 16
እንዴት ልጻፈው...
ጠዋት ስወጣ ቅጠሎቹ ላይ አንድም አባጨጓሬ የለም። ዘፈንኩ። ከዚያ ወደ አጥሩ ማዶ ሳይ ባና ሙሌንጋ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ንሺማ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ፣ ከጎኑ ሳህን ሙሉ ጥብስ አባጨጓሬ።
"አንተ ልትጠብስልኝ ስላልቻልክ ራሴ ለቀምኩ" አለችና አንዱን ጎረሰች።
አጥሩን እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም። በዚህ ጉልበት! ሱሪዬ ከመሃል ተተረተረ። ሳህኑን በጥፊ አልኩት፣ ዶሮዎቹ ተንጫጩ። "ትፊው! መድኃኒት ረጭቼባቸዋለሁ፣ ትፊው!"
እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካ ወንድሟ ከአገሯ ከካሳማ የላከላት ደረቅ አባጨጓሬ ነው። የኔዎቹን ሬሳዎች በማለዳ ለቅማ ቀብራቸዋለች፣ ለዚህች ቀልድ ስትል።
"ብሞት ታዝናለህ እንዴ፣ አይጥ በሊታ?"
ወለሉ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ሱሪዬ ተቀዷል፣ ሻጯ ሰው አይጎዳም ትበል አትበል እንኳ ጠፍቶኛል።
"አዎ" አልኳት። "በጣም ነው የማዝነው። እወድሻለሁ እኮ።"
ሳቋ ቆመ። ተነሥታ ገባችና በሩን ዘጋች።

ኅዳር 17
"እንደምን አደሩ፣ አቶ ጄሬ?" አለችኝ።
በአክብሮት። አለቀልኝ።

ኅዳር 19
"የዱባ ቅጠል ብወስድ ይፈቅዱልኛል?" ብላ ጠየቀች። ይፈቅዱልኛል? ዕድሜ ልኳን ሳታስፈቅድ ስትወስድ የኖረች ሴት። ምን አፌን ከፈተው? ቀልዱ ይሻለኝ ነበር።
አዲስ የተፈለፈሉ አባጨጓሬዎች አየሁ። ረጨሁ። ዝናብ አጠበው። እንደገና ረጨሁ።

ኅዳር 24
ሊሊዋ ፈነዳች። አንድ ጠርዟ ላይ ተነክሳለች፣ ግን ፈነዳች። ኮቴን ለበስኩ፣ አወለቅኩ፣ ለበስኩ። መቀስ ይዤ ስወጣ ባና ሙሌንጋ ቀድማኝ አበባው ዘንድ ቆማለች። ቢላ ይዛለች።
"ልወስዳት ነው የመጣሁት።"
"ውሰጂያት።"
"ከነሥሯ።"
"ከነሥሯ ውሰጂ።"
ቢላዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ወደ መሬት እያየች፣ "ሰው የምሩን ሲነግረኝ የምመልስለት ስድብ አጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ፈለግኩ" አለች።
"አሁንስ?"
ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ይህን ኮት ለብሰህ እኔን ልትጠይቅ ወንድሞቼ ፊት አትቆምም፣ አንተ አይጥ በሊታ።"
እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አለቀስኩ። እሷም።

ጥር 20
ዛሬ የባና ሙሌንጋ ዘመዶች ለሠርጋችን ከካሳማ ድስት በድስት ላይ ተሸክመው፣ እየዘፈኑ ገቡ። በነሱ ወግ ሙሽራው የቤታቸውን ምግብ ሁሉ በሰው ፊት መቅመስ አለበት። የመጀመሪያው ድስት ተከፈተ። አባጨጓሬ። ከነዓይናቸው።
ወንድሞቿ አፌን ያያሉ። እሷም ታያለች። ንጎኒ አይፈራም ብዬ ጎረስኩ።
ይጣፍጣል። ሲጣፍጥ! ይህን ግን ለማንም አልናገርም፣ በተለይ ለሚስቴ።