በጣቴ አልከፈት ስላለው የኮሌጅዎ በር

ለክቡር የኮሌጁ ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ጣቶችዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላና ፎጣ እያጠብኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ተማሪዎችና ወላጆች ኮሌጅዎን እንዲጎበኙ በጋበዙበት ዕለት፣ ከልጄ ጋር መጥቼ ነበር። ልጄ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኅብረተሰብ የሚባለውን ትምህርት ካላጠናሁ ብላ ሙጭጭ ካለች ቆይታለች። ምንነቱን ስጠይቃት፣ አንድ ማሽን ሲሠራ ማን እንደሚጠቀምበትና ማን ደጅ እንደሚቀር የሚመረምር ነው ብላ አስረድታኝ ነበር። ያን ጊዜ በደንብ አልገባኝም፤ ኮሌጅዎ በር ላይ በተግባር ስላስረዳኝ ግን ምስጋናዬ የላቀ ነው። በድፍረት ካልተቆጠረብኝ ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. በርዎ ላይ የገቢውን ሁሉ አሻራ እያነበበና እየመዘገበ የሚከፍት ዘመናዊ መሣሪያ ተተክሏል። እንግዳው ሁሉ ጣቱን እያስነካ ሲገባ፣ የእኔን ጣት ግን ጣት ነው ብሎ ሊቀበለው አልፈቀደም። ዘበኛው ትሁት ሰው በመሆናቸው እጄን እንድጠርግ መከሩኝ። በቀሚሴ ጠረግሁ፣ እፍ አልኩበት፣ ደግሜ ጠረግሁ። እጄ ግን አልቆሸሸም ነበር፤ በረኪናና ሙቅ ውሃ የጣቶቼን መስመር ልጦ ከጨረሰው ሰንብቷል። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከእኔ እጅ ይበልጥ የታጠበ እጅ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

፪ኛ. ከኋላዬ የተሰለፉት ወላጆች ማጉረምረም ሲጀምሩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

፫ኛ. ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ዘበኛው ልጄን እያሳለፉ እኔ ምኗ እንደሆንኩ ቢጠይቁኝ፣ በእኔ እንዳታፍር ብዬ ጎረቤቷ ነኝ አልኩ። ሰምታኛለች። ዞር ብላ አየችኝና ገባች፤ እኔ ደጅ ቀረሁ። አፈርኩ፣ ክቡርነትዎ፤ አሁንም አፍራለሁ። ይህኛው ጥፋት የመሣሪያው ስላልሆነ በእርስዎ አላመካኝም።

ልጄ ውስጥ ገብታ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ስለ በሩ ጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም መሣሪያው ከተተከለ ወዲህ ቢሯቸው ድረስ መጥቶ ቅሬታ ያቀረበ አንድም ሰው እንደሌለ በኩራት ነግረዋታል። ቢሯቸው ከበሩ ወዲያ መሆኑን ስላላስተዋሉ አልወቅሳቸውም፤ ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ናቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሌላ ኮሌጅ እንድትመርጥ ለመንኳት። ይኸው ትምህርት የሚሰጥበት፣ በር ላይ ስም ጠይቀው የሚያስገቡ ሽማግሌ ያሉበት ሌላ ኮሌጅ አለ። እሷ ግን የእርስዎን መርጣለች። መጀመሪያ የምታጠናው ያንኑ በር እንደሆነ፣ በምዝገባው ዕለትም ወላጅ አብሮ መቅረብ ግዴታ ስለሆነ ጎረቤት ይዛ እንደማትመጣ አስታውቃኛለች። እንግዲህ በዚያን ቀን ከመሣሪያው ጎን ሰውን በሰውነቱ የሚያስገባ አንድ ሰው እንዲያቆሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ዘበኛው ምኗ ነሽ ብለው ድጋሚ ቢጠይቁኝ መልሴን አዘጋጅቻለሁ።

የበርዎን ዘመናዊነት ከውጭ ሆና በማድነቅ ላይ የምትገኝ፣ እጇ የጸዳ አክባሪዎ፣

የልጅቷ እናት

ማስታወሻ፦ በዕለቱ የክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈው ነጭ ጨርቅ ከሆቴላችን የተከራያችሁት ነው፤ ያጠብኩትም የተኮስኩትም እኔ ነኝ። በር ላይ ቆሜ ከሩቅ አየሁት። እሱን ማንም ሳይጠይቀው ገብቷል።