የራጅ ክፍሉ ማሽን እንዳይዘነጋ

ውድ ወንድሜ፣

ብዕር ያነሣሁት በክሊኒኩ ራጅ ክፍል ስላለው አሮጌ ኮምፒዩተርህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እኔና አንተ ሲ በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፍነውን፣ የራጅ ምስል የሚያነበውን የፕሮግራም ክፍል (ላይብረሪ)፣ ልጄ ከባልደረቦቿ ጋር ረስት በተባለ ጥንቁቅ ቋንቋ እንደ አዲስ እየጻፈችው ነው።

ትናንት በመሥሪያ ቤቷ ከጎኗ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የጻፈችውን የሚመረምረው ኮምፓይለር አንዲት መስመሯን ስሕተት አለባት እያለ ደጋግሞ መለሰባት። «አባዬ፣ ይሄስ በቁጥጥር ካንተም ይብሳል» አለችኝ። ደስ አለኝ። የእኛው ሲ ሁሉን ዝም ብሎ ያሳልፍ ነበር፤ የሜሞሪ ስሕተታችን የሚታወቀው በሽተኛ ተሰልፎ ሳለ ፕሮግራሙ ቀጥ ሲል ነበር።

ኋላ አለቃዋ «እንግዲህ የሲውን ቅጂ እንዝጋው» ሲል፣ «የጋሼ ማሽን ላይስ? አዲሱ እዚያ መሥራቱን ማን አየ?» ብላ አስቆመችው። ከዘመናዊዎቹ ማሽኖች ሁሉ አስቀድማ ያንተን በማሰቧ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ።

የአዲሱን የሙከራ ቅጂ በኢሜይል ልካልሃለች፤ ማሽንህ ላይ ሞክረውና መሥራት አለመሥራቱን ንገረን። ይሉኝታ ይዞህ «ደህና ነው» እንዳትል፤ እምቢ ካለ አሮጌውን ላንተ ስትል ልታቆየው ቃል ገብታልኛለች። የፖስታ ካርዱ ጠርዝ ላይ ደረስሁ፤ ለእትዬና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እስከ ሰኔ ዐሥር ድረስ በጽሑፍ መልስልኝ፤ የሚወስኑት በማግስቱ ነው።