በቀብርህ ቀን ዝም ያለው ጥይት

አባየ፣ የእኔ ሽማግሌ፣

አፈር ከለበስክ ክረምቱ አለፈ፣ መስቀልም ሄደ፤ ነገ ተዝካርህ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሮ ሁለቴም የወደቀው ልጅህ ደብዳቤ ሲጽፍ ብታይ በሳቅ ጥርስህ ይወልቅ ነበር፤ ያችው የቀረችህ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ዳማው ፈረስህ ከእኔ በቀር ማንንም በጀርባው አያስቀምጥም፤ እኔንም የሚያስቀምጠኝ አሽቀንጥሮ ሊጥለኝ ነው። የጓሮውን ቀርቀሃ ቆርጠን አጥሩን አደስነው። ድንቹ ዘንድሮ ሰጥቷል። ኔትወርኩ ያው ነው፤ እንጅባራ ለመደወል ጉብታው ላይ እንወጣለን። እማየ ግን አታናግረኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ስሜን አትጠራም። ከቀብርህ ቀን ጀምሮ።

ነገሩ የመጣው በምንሽርህ ነው። ከአባትህ የወረስከውን ያን ቁመተ ረጅም ጠመንጃ ከድከረንሱ ዛፍ ጥግ ወስደህ ስታስተምረኝ ትዝ ይልሃል? "ባዶ ነው ቢሉህም የጎረሰ ነው በል። መዝጊያውን ከፍተህ ጣትህን አስገባ፤ ዓይን ይዋሻል፣ ጣት አይዋሽም። አፈሙዙ ሰውም ከብትም የሰው ቤትም እንዳያይ" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይኸ ሽማግሌ ከሚስቱ ይልቅ ምንሽሩን ያባብላል እያልኩ አበሽቅህ ነበር። ያኔ አማርኛው ይቀርና በአገውኛ ትወርድብኛለህ። አማርኛህ ለምክር፣ አገውኛህ ለቁጣ ነበር።

ጥይት ማጉረሱንም አሳየኸኝ። አረንጓዴ ዝገት ያወጣውን ወዲያ፣ የጠራውን ወዲህ። ምላጩን መንካት ለመተኮስ ስትቆርጥ ብቻ። አንዱን ነገር ግን ደጋግመህ አስማልከኝ። እነዚህ ጥይቶች ያረጁ ናቸው፤ ምላጩን ስበህ ዝም ቢልህ ከሸፈ ብለህ መዝጊያውን እንዳትከፍት አልከኝ። እሳቱ ውስጥ ለውስጥ እየሄደ ይሆናል፤ ከከፈትከው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። አፈሙዙን ወደ ሰማይ እንደያዝክ አባታችን ሆይን ቀስ ብለህ እስከ አሜን ድገም፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ጨምር። እኔ ለማብሸቅ በአንድ ትንፋሽ ስጨርሰው ጆሮዬን ቆንጥጠህ ከመጀመሪያው አስጀመርከኝ።

ሬሳህ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርስ ተኩስ ተባለ። አጎረስኩ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሳሁ፣ ሳብኩ። ቀጭ አለና ዝም።

አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። አጎቴ፣ ያው ታናሽህ፣ "ክፈተውና ሌላ አጉርስ እንጂ!" ብሎ እጁን ሰደደ። ትከሻዬን ሰጥቼው አባታችን ሆይ አልኩ። "ይኸ ቀልደኛ በአባቱ ሬሳ ላይም!" አለ። ሰው ሁሉ እንደዚያው አየኝ። ምን ይፈረድባቸዋል አባየ? አጎቴ እኮ አውራ ዶሮ ቦርሳው ውስጥ ከትቼበት ስብሰባ መሃል የጮኸበት ሰውዬ ነው። እማየ እየተንሰቀሰቀች መጣችና "ዛሬን እንኳ ተወኝ ልጄ" አለችኝ። መመለስ አልቻልኩም፤ ጸሎቱ መሃል ላይ ነበርኩ። ሳጥንህን እያየሁ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ዝም ያለውን ሁሉ ሞተ አትበል ብለኸኝ ነበራ! አንተንም እጠብቅ ነበር መሰለኝ።

ጥይቱ አልጮኸም። ቢጮኽ ኖሮ ጀግና ነበርኩ። አልጮኸም፣ እኔም በአባቱ ቀብር የቀለደ ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

አሁን ጉዴን ስማ። ነገ የሚተኩሰው አጎቴ ነው፤ በእነዚያው ጥይቶች። ሄጄ ለመንኩት፤ ከሸፈ ብለህ እንዳትከፍት፣ ጠብቅ አልኩት። "ደግሞ ዘንድሮ ምን አሰብክ?" ብሎ ቦርሳውን ፈተሸ። እውነቴን ነው ብዬ አለቀስኩ፤ ልቅሶ አስመሳይ ብሎ ሳቀብኝ። ለእማየ ነገርኳት፤ ፊቷን አዞረች። የሚያምነኝ አንድ ሰው ነበረኝ፣ እሱም ከአፈር በታች ነው። ምን ላድርግ አባየ? ምን ላድርግ?

ዛሬ ጧት ቤቱ ባዶ ሲሆን ምንሽሩን ከግድግዳው አወረድኩ። ጣቴን አስገብቼ ባዶ መሆኑን አየሁ፣ እንዳልከኝ። መዝጊያውን ነቅዬ አወጣሁና ከድንቹ ክምር ውስጥ ቀበርኩት። ነገ አጎቴ ጠመንጃውን አንስቶ ኋላውን ክፍት ሲያገኘው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። ተዝካርህ ያለ ተኩስ ያልፋል፣ የቀልደኛነት ስሜም ዳግመኛ አይለቀኝም። ይስደቡኝ። አጎቴ ወደ ልጆቹ በሁለት ዓይኑ ይግባ።

አንድ ነገር ብቻ ለምንሃለሁ። እማየ ሕልም ታያለች አይደል? አንድ ሌሊት ግባና ንገርልኝ፤ ልጅሽ ያን ቀን አልቀለደም በላት። በአገውኛም ቢሆን።

እኔ አልረሳህም። አፈሙዙ ወደ ሰማይ፣ ጣቴ ከምላጩ ውጭ፣ አባታችን ሆይ ቀስ ተብሎ እስከ አሜን። አሁንም ከመጀመሪያው ጀምሬልሃለሁ፤ ሳልሮጥ።